ፊደል ያልደረሰበት አድማጭ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከገጽ ወደ ጆሮ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የአንድን ሥራ ተደራሽነት ሲለካ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ መቼ ታተመ፣ ስንት ጊዜ ታተመ፣ የትኛው ሐያሲ ምን አለበት፣ በየትኛው ትምህርት ቤት ለማስተማሪያነት ዋለ። ጥያቄዎቹ ሁሉ የተማረውን ሰው ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ለኅትመት ሲያበቁ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 90 የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ እንደማይችል ይገመት ነበር። መጽሐፉ ኑሯቸውን የሚተርከው የጎጃም ገባሮችና የቤት አገልጋዮች በአመዛኙ ከዚህ ቁጥር ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

ቢሆንም ዛሬ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በስም የሚያውቅ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ኩራት የሚስቅ፣ የጉዱ ካሣን ነገር እያነሣ የሚከራከር ሰው ሁሉ መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ አይደለም። ብዙው ያገኘው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመጽሐፉ እኩል፣ በአንዳንድ ቤትም ከመጽሐፉ በላይ፣ የሥራው መልክ ሆኖ ኖሯል። ከዚህ ተነሥቶ ሲነገር የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ፦ ድምፅ የፊደልን ግንብ አፍርሶ ልብ ወለዱን ለባለጠጋውም ለድኻውም እኩል አዳርሶታል የሚል። አስተያየቱ ግማሽ እውነት አለው። ድኻው ልብ ወለዱን እንዲሰማ ተደርጓል፤ የሰማውን ይዞ፣ ያጸደቀውንና የነቀፈውን ለይቶ፣ ወደ ሥነ ጽሑፉ የሚመለስበት በር ግን አልተከፈተለትም። ተደራሽነት የመሄድ ብቻ ሳይሆን የመምጣትም ነገር መሆኑ ካልታየ የማኅበራዊ እኩልነት እጦት ሥነ ጽሑፍን የት ላይ እንደሚያቆመው በትክክል ማመልከት አይቻልም።

ልብ ወለዱ ራሱ ስለ ፊደልና ስለ መደብ ግንኙነት ብዙ የሚናገር መሆኑ እምብዛም አይወሳም። በዛብህ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት። ሀብቱ ትምህርቱ ብቻ ነው። ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚያስገባውም ይኸው ትምህርቱ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ይመጣል። አባቷ በዘር የሚመጥናት ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ እየገፋ ያለች የባላባት ልጅና የገባር ልጅ በአንድ መጽሐፍ ላይ አብረው የሚያጎነብሱት ፊደል ስለሚያገናኛቸው ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ያህል የሚያቀራርባቸው ሌላ ነገር የለም። ዕውቀቱ ለመምህርነት ያበቃዋል፤ ለባልነት ግን አያበቃውም። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን በስብከት አልገለጹትም። በትምህርት የገባው ሰው በዘር ቆጠራ እንዲወጣ አድርገው ታሪኩን አዋቀሩት፤ የመጽሐፉ ኀዘን ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የድኻ ልጅ የተማረ መሆኑ በታሪኩ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። ቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ለምኖ እየበላ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ይሻገር ነበር። በአገሩ ካለው ሕዝብ ሁሉ በቋንቋ ላይ ከፍተኛውን ሥልጠና የሚያገኘው፣ ሰምን ከወርቅ መለየት የሚማረው፣ ከእጅ ወደ አፍ እንኳ የሌለው ይህ ተማሪ ነው። መጻፍ ደግሞ ከንባብ የተለየ ሙያ ስለነበር ዳዊት የሚደግም ሁሉ ብዕር አይጨብጥም። ባላባቱ ራሱ ባይጽፍ የሚጽፍለት ጸሐፊ ነበረው፤ ፊደል አለመቁጠሩ ከማዕረጉ አያጎድልበትም። ስለዚህ ድኻን ከመሃይም፣ ባለጠጋን ከአንባቢ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ከሌላ አገር የመጣ ሚዛን እዚህ አይሠራም። የእኩልነት እጦቱ የሚወስነው ፊደል በማን እጅ እንዳለ ሳይሆን ፊደል ለማን ምን እንደሚያደርግለት ነው።

ይህን ከጎረቤት ሥነ ጽሑፍ ጋር ማስተያየቱ ይጠቅማል። ሶማልኛ በ1972 እ.ኤ.አ. የላቲንን ፊደል በይፋ ካገኘ በኋላ፣ በ1974 የታተመው የፋራህ መሐመድ ጃማ አውል ልብ ወለድ ርእሱ ሲተረጎም «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» ማለት ነው። በዚያም ፍቅር አለ፤ በዚያም ፊደል አለ። ማንበብ የማይችለው ጀግና ከምትወደው ሴት የተላከለትን ደብዳቤ ለሌላ ሰው አስነብቦ ምሥጢሩ ይወጣል፤ መከራውም ከዚያ ይጀምራል። መጽሐፉ በወጣበት ዘመን ሶማሊያ ተማሪዎቿን ወደ ገጠር አዝምታ ዘላኑን ፊደል ታስቆጥር ነበርና የመጽሐፉ እምነት ግልጽ ነው፤ ማንበብ ቢችል ኖሮ ሁለቱም በዳኑ። ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ ቀድሞ የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን እምነት አይጋራም። በዛብህ ማንበብም መጻፍም ይችላል፤ አልዳነም። በአፍሪካ ቀንድ የተጻፉ ሁለት የፍቅር ታሪኮች ስለ ፊደል ኃይል እንዲህ ተቃራኒ ፍርድ መስጠታቸው ከተለመደው የሁለቱ ሥነ ጽሑፎች ንጽጽር በላይ ትኩረት የሚገባው ነው።

ወደ ሬዲዮው እንመለስ ቢባል፣ ድምፅ ለጽሑፉ ያደረገለት ነገር ከማዳረስ የሚበልጥ መሆኑን የቋንቋ ባለሙያ ቶሎ ያየዋል። የግዕዝ ፊደል ጥብቀትን አያመለክትም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ «ገና» ላልቶ ጊዜን፣ ጠብቆ በዓልን ይጠራል። ከሁሉም የሚከብደው «ይመታል» የሚለው ዓይነት ግስ ነው፤ መቺውንና ተመቺውን የሚለየው ጥብቀት ብቻ ስለሆነ በገጽ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ብዙ ያነበበ ሰው ይህን ከዐውዱ በዐይን ጥቅሻ ይፈታዋል፤ መፍታቱንም አያስተውለውም። ፊደል በቅርቡ የቆጠረ ሰው ግን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ደርሶ ግሱን ካገኘ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ለመጀመር ይገደዳል። የሐዲስ ዓለማየሁ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው፤ ሐረግ በሐረግ ላይ እየተደረበ፣ አንዱ ቦዝ አንቀጽ ሌላውን እየጎተተ፣ ማሠሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ይመጣል። በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቃላትና የጎጃም አነጋገር አሉ። ወጋየሁ ሲያነበው ይህ ችግር ሁሉ በትንፋሽ ይፈታል። የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ፣ የት እንደሚያርፍ ተወስኖ ይመጣል። አድማጩ የሚቀበለው የተነበበ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የተፈታ ጽሑፍ ነው።

ይኸው መፍታት ግን ዋጋ አለው። በአንተ፣ በአንቱና በእርስዎ መካከል ያለው መሰላል በመጽሐፉ ውስጥ የመደብን ነገር በቃል ምርጫ ብቻ ይሸከመዋል፤ አንባቢው ማን ለማን ዝቅ እንዳለ፣ ማን ማንን እንዳቀለለ እያስተዋለ የራሱን ፍርድ ይሰጣል። ተራኪው የፊታውራሪውን ድምፅ አጎርንኖ፣ የአገልጋዩን አሳንሶ ሲያወጣው ፍርዱ ቀድሞ ይሰጣል። የወጋየሁ ፍርድ ድንቅ ነው፤ ብዙ ሐያስያን በብዕር ከሰጡት ትርጓሜ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን የአንድ ሰው ትርጓሜ ነው። መጽሐፉ ያለው ሰው ከእርሱ ጋር ሊከራከር፣ ገጹን ገልጦ «እዚህ ላይስ?» ሊል ይችላል። ሬዲዮ ብቻ ያለው ሰው ሊያደርግ የሚችለው ሳምንቱን መጠበቅ ነው።

ሬዲዮው ራሱም ባለቤት አለው። ባትሪው ይገዛል፤ ባትሪ የሚገዛ ጎረቤት የሌለው አድማጭ አይሆንም። ትረካው በአማርኛ ብቻ ስለነበር ሲዳምኛ ወይም አፋርኛ አፉን የፈታበት ሰው መጀመሪያ ሌላ ቋንቋ መልመድ ነበረበት፤ ስለ ገባር የተጻፈው ልብ ወለድ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ገባር የነበረውን ሰው በራሱ አፍ አላነጋገረውም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ለማቃለል ታስቦ ነበር። መጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል አስተማረ። ውጤቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመስግኗል፤ ምስጋናውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ከፊደል ገበታ እስከ 500 ገጽ በላይ ወዳለው ልብ ወለድ ያለው መንገድ በዘመቻ የሚሄዱት አይደለም። በኦሮምኛ የተማረው ሰው ዕጣ ደግሞ የባሰ ነበር። በግዕዝ ፊደል ያነበበውን ቋንቋ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በቁቤ ተጽፎ አገኘው፤ ልጁ የሚያነበውን መጽሐፍ እርሱ እንደ አዲስ ካልተማረ በቀር አያነበውም። የፊደል ምርጫው በቋንቋው የድምፅ ሥርዓትም ሆነ በፖለቲካ ምክንያት የሚደገፍበት በቂ ነገር አለው። የጎልማሳው ኪሳራ ግን በክርክሩ ውስጥ ቦታ ሲያገኝ አይታይም።

ቁጥሮች ሲጠቀሱም ጥንቃቄ ያሻል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከመቶ 42ቱ፣ ከወንዶቹ ከመቶ 69ኙ ማንበብ እንደሚችሉ አሳይቷል። በዚህ ጥናት ማንበብ ይችላል የሚባለው ከፍ ያለ ትምህርት ያለው ብቻ ሳይሆን የአንድ ዐረፍተ ነገር ክፋይ እንኳ ያነበበ ሰው ነው። ለጤና ጥናት ይህ መለኪያ ይበቃል። ለሥነ ጽሑፍ ግን የዐረፍተ ነገር ክፋይ አንባቢን አያፈራም። በሴትና በወንድ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ሰብለ ወንጌልን የሚያስታውሱ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነው፤ በልብ ወለዱ ውስጥ ፊደል የምትማረው ሴት የባላባት ልጅ ስለሆነች ነው የምትማረው። በዚያው ግቢ እህል የሚፈጩትንና ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ማንም ፊደል አላስቆጠራቸውም።

አሁን ወደ ተመላሹ መንገድ መምጣት ይገባል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሥርዓቱን ግፍ በቃል አንጥሮ የሚናገረው ጉዱ ካሣ ነው። ጉዱ ካሣ የተማረ ነው፤ የባላባቱ ቤት ዘመድም ነው። ሰው እንደ እብድ ቢቆጥረውም የሚናገርበት አዳራሽ አለው። ገበሬዎቹም ዝም አላሉም፤ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ ይነሣሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይማርካሉ። ነገር ግን ገበሬዎቹ በአመዛኙ በድርጊት፣ ጉዱ ካሣ ደግሞ በንግግር ይቀርባሉ። አስተሳሰቡ ከላይ፣ ክንዱ ከታች ነው። ይህ የደራሲው ንፉግነት አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ከጎጃም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ተነሥተው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ፣ ሁለቱንም ዓለም የኖሩበት ሰው ናቸው። ቢሆንም ልብ ወለድ የሚባለው ቅርጽ ራሱ በተማረ ሰው እጅ ብቻ ስለነበር ገባሩ በውስጡ የሚናገረው ሌላ ሰው እስካናገረው ድረስ ነበር።

ገባሩ የራሱ ቃል የለውም ነበር ማለት ግን አይደለም። ጌቴ ገላዬ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ ተከትሎ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች የገጠሟቸውን ቃል ግጥሞች አጥንቷል። እነዚህ ገበሬዎች የበዛብህ አገር ሰዎች ናቸው። ሽግሽጉን የደገፈው በቀረርቶና በፉከራ፣ የተበደለውም እንዲሁ በግጥም መልስ ሰጥቷል፤ አስተዳዳሪውን ሳይቀር በሰምና ወርቅ ሸንቁጧል። ጥናቱ የዚህ ዘርፍ መልካም አብነት ሲሆን ለንባብ የበቃው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚህ የሚታየው ነገር እንግዳ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ግጥም ከጎጃም ወጥቶ በሌላ አህጉር ያለ የቋንቋ ተመራማሪ ዘንድ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ ያለው የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ ዘንድ አልደረሰም። ቢደርሰውም «ፎክሎር» በሚባል ክፍል ያገኘዋል። የልብ ወለዱ ገባር በሥነ ጽሑፍ ትምህርት፣ ሕያው ገበሬው ደግሞ በፎክሎር ትምህርት እንዲጠና የተደረገበት ክፍፍል ከቋንቋም ከኪንም የመጣ አይመስልም።

ክፍፍሉ የግድ እንዳልነበረ የሚያሳይ ቀደም ያለ ምስክር አለ። በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ፣ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮምኛ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች በጽሑፍ አስቀመጠች፤ ከእነዚህም የተመረጡት ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው፣ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ከአገሯ ተፈናቅላ በሰው እጅ የተሸጠች ሴት የቋንቋዋ ቀደምት ታታሚ ጽሑፎች ምንጭ ሆነች። መጽሐፉ ለመሸጋገር የደረሰበት ችግር ሌላ ነው፤ አንባቢዎቹ ይገኙበት ከነበረው አገር ርቆ መታተሙ፣ ኋላም ኦሮምኛ ከትምህርት ቤትና ከማተሚያ ቤት መገለሉ። በእምኩሉ የፈሰሰው ከታች ወደ ላይ ነበር፤ የወደ ታቹ ተዘጋ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሁለቱም መንገዶች ለአጭር ጊዜ አብረው የተከፈቱት በኬንያ፣ ሊሙሩ አጠገብ በምትገኘው ካሚሪዙ ነበር። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በ1977 እ.ኤ.አ. በኪኩዩ የጻፉትን ተውኔት፣ ርእሱ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» የሚል ትርጉም ያለውን፣ የመንደሩ ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ተለማመዱት። በልምምዱ ወቅት ሽማግሌው እንዲህ አይናገርም፣ በሠርግ ላይ የሚዘፈነው እንዲህ ነው እያሉ የደራሲዎቹን ቋንቋ አረሙ፤ ጽሑፉም እንደ እርማታቸው ተለወጠ። ፈቃዱ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተነጠቀ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዓመቱ መጨረሻ ታሰሩ፤ የቲያትሩ ስፍራም በ1982 ፈረሰ። በእስር ቤት የተጻፈው ልብ ወለዳቸው በ1980 በኪኩዩ ሲታተም በየቤቱ ተሰብስበው አንድ ማንበብ የሚችል ልጅ ያነብላቸው ነበር። በመጠጥ ቤትም እንዲሁ ይነበብ እንደነበር ደራሲው ጽፈዋል፤ አንባቢው በጣም ደስ የሚለው ቦታ ሲደርስ ያቆማል፣ ብርጭቆውም ባዶ መሆኑን ያሳያቸዋል። ሰሚዎቹ ቢራ ይሞሉለታል፤ እርሱም ይቀጥላል። በምዕራፍና በምዕራፍ መካከልም ታሪኩን እያነሡ ይከራከሩበታል።